ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?
(የዕድራችንን መዝገብ በኮምፒዩተር ስለ መያዝና ለየሥራው ስለሚሰጠው ፈቃድ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ከሁሉ አስቀድመን ዓመቱን አስፈጽሞ ለዚህ ጉባኤ ያደረሰንን አምላክ እናመሰግናለን። በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን አባሎቻችንም ነፍስ ይማር እንላለን። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ኮሚቴው «ስለ ኮምፒዩተሩ መዝገብ ጥቂት ቃል ተናገሩልን» ብሎ ስላዘዘን ነው። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለንም። ነገር ግን ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤትና በንብረት ክፍል ስለ ሆነ፣ መዝገብ ማን ይክፈት፣ ማን ይጻፍ፣ ማን ይፈርም የሚለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያላወቅነውን ደግሞ ልጆቻችንን ጠይቀን፣ አስነብበን ተረድተናል። ጉድለት ቢገኝበት በቅንነት ተመልክታችሁ እንድታርሙን እንለምናለን።

እንደሚታወሰው ባለፈው ዓመት ጉባኤያችን የአባሎች መዝገብ፣ የወር መዋጮና የንብረት ዝርዝር ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባ ወስኗል። ወጣቶቻችን ሌሊት ሳይቀር ደክመው አስገብተውታል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መዝገቡን ማን ይክፈተው? የሚል ነው። ባለፈው ወር በተደረገው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንዳንድ ወንድሞቻችን «ሁላችንም የአንድ ሠፈር ሰዎች ነን፤ አንድ የይለፍ ቃል ይውጣና የኮሚቴው አባል ሁሉ ይያዘው፤ ሥራውም ይፋጠናል» የሚል አሳብ አቅርበዋል። አሳቡ ከቅንነት የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በበኩላችን አልተስማማንበትም። ምክንያታችንንም፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከሥሩ ጀምረን እናስረዳለን።

የሣጥኑ ሦስት ቁልፍ

ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁ እንደምታስታውሱት ዕድራችን ሲመሠረት ገንዘቡ ባንክ አልነበረም፤ በእንጨት ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው። አንዱ በሰብሳቢው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ ይኖራል። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም።

ታዲያ አባቶቻችን እርስ በርሳቸው አይተማመኑም ነበር እንዴ? ይተማመኑ ነበር። በአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ አበልጅ ይሆናሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ይቆጣል። ሦስት ቁልፍ ያደረጉት በመካከላችን ሌባ አለ ብለው አይደለም። አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል ንጹሑ ሰው «አንተ ነህ» እንዳይባል ብለው ነው። ቁልፉ ከገንዘቡ ጋር የገንዘብ ያዡንም ስም ይጠብቅ ነበር።

ጥሩንባ ነፊያችንንም አስቡት። ማን እንደ ሞተ፣ ቤቱ የት እንደ ሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ይሁን እንጂ የሣጥን ቁልፍ ተሰጥቶት አያውቅም። ያልተሰጠው ስላልታመነ ሳይሆን ሥራው ስለማይጠይቀው ነው። እሱም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም። ዛሬ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ አይወጣም፤ ለያንዳንዱ ሰው ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ቁልፍ፣ ከዚያም አይብለጥ፣ ከዚያም አይነስ።

ጠያቂ፣ ፈቃጅ፣ ሰጪ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሞዴል 19ን፣ ሞዴል 20ንና ሞዴል 22ን ታውቃላችሁ። የተገዛ ዕቃ ወደ መጋዘን ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ዕቃ የሚፈልግ ሠራተኛ በሞዴል 20 ይጠይቃል። ኃላፊው አይቶ ይፈቅዳል። ንብረት ክፍሉ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፤ ተቀባዩም ፈርሞ ይወስዳል። መጋዘን ያዡ ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ፈቅዶ፣ ራሱ ማውጣት አይችልም።

እኛም በወጣትነታችን «ለአንድ ደርዘን እስክሪብቶ ይህ ሁሉ ፊርማ!» እያልን እናማርር ነበር። በኋላ ግን የኦዲት ሰዎች በመጡ ቁጥር አንድ ነገር አስተዋልን። እንቅልፉን ተኝቶ የሚያድረው ወረቀቱ ሁሉ በየፊርማው የተሟላለት ሰው ነው። «ግድ የለም፣ እንተማመናለን» እያለ በቃል ሲሰጥ የኖረው መጋዘን ያዥ ግን፣ አንዲት ሳንቲም ሳይነካ፣ የጎደለውን ሁሉ ከደመወዙ ሲከፍል አይተናል።

ልጆቻችን በየቢሮው በሚሠሩበት ሶፍትዌር ላይ «ሮል» እና «ፐርሚሽን» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሮል ማለት የሥራ ድርሻ ነው፤ ጠያቂ፣ ፈቃጅ፣ መዝጋቢ፣ ተቆጣጣሪ እንደማለት። ፐርሚሽን ማለት ደግሞ ለዚያ ድርሻ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ፈቃዱም በዓይነት በዓይነቱ ይለያያል፤ ማየት፣ አዲስ ማስገባት፣ የገባውን ማረም፣ ማጽደቅና መሰረዝ ይባላል። ከሁሉም በላይ ለሌላው ፈቃድ የመስጠትና የመንሣት ፈቃድ አለ። ብዙ ሰው በስልኩ የሚከፍተው የጉግል ሰንጠረዥ እንኳ አንዱን ተመልካች፣ ሌላውን አስተያየት ሰጪ፣ ሌላውን አራሚ አድርጎ ለመሾም ያስችላል። ስለዚህ መሣሪያው የሚከለክለን ነገር የለም፤ ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ካደረግነው ያደረግነው እኛ ነን።

በእኛ ክፍል የደረሰው

አሁን የምንነግራችሁን ነገር ለሰው ስንናገር ይህ የመጀመሪያችን ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አንጠራም።

ኮምፒዩተር ወደ ክፍላችን የገባ ጊዜ አምስት ሠራተኞች ነበርን፤ መሣሪያው ግን አንድ። የሠራተኞች ማኅደር እንዲገባበት ሲታዘዝ የመጠቀሚያ ስሙና የይለፍ ቃሉ የተሰጠው ለአንዲት ወጣት ጸሐፊ ነበር፤ ሥልጠናውን የወሰደችው እሷ ነበረችና። ታዲያ እሷ ለምሳ ስትወጣ ወይም ስትታመም ሥራ እንዳይቆም ብለን ቃሉን ተቀበልናት። በቁራጭ ወረቀት ጽፈንም ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር አኖርነው። ሁለት ዓመት ያህል አምስታችንም በእሷ ስም እየገባን ስንጽፍና ስናርም ቆየን። እውነቱን ለመናገር ሥራው ይፋጠን ነበር።

አንድ ቀን ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ጉዳይ ሲመረመር የተቀጠረበት ዓመት ተለውጦ ተገኘ። 1968 የነበረው 1978 ሆኗል። ሰውዬው የዐሥር ዓመት ድካሙ ሊቀርበት ነው። የቅጥር ደብዳቤው ከአሮጌው ማኅደር ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ያ ሽማግሌ ለወራት ያለ አበል በየኮሪደሩ ተጉላላ። አንዳንድ ቀን በእግሩ እንደሚመጣ ከጫማው አቧራ ይታወቅ ነበር።

«ማን ለወጠው?» ተባለ። መሣሪያው የመለሰው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የልጅቱን ስም። እሷም «እኔ አልነካሁም፤ ሁላችንም እኮ ነን የምንገባበት» አለች። ኃላፊው «ቃሉን ለሌላ መስጠትሽ ራሱ ጥፋት ነው» አሏት። የአንድ ወር ደመወዟን ተቀጣች። ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆየችም፤ ለቅቃ ሄደች።

ለመሆኑ ማን ነበር? እስከ ዛሬ አልታወቀም። ተንኮል ነው ብለን አናምንም። በቁጥሮቹ ረድፍ ላይ 6 እና 7 ጎን ለጎን ናቸው፤ ጣት ሳት ሲል የሚሆን ነገር ነው። ከአምስታችን የአንዳችን ጣት ነው። ምናልባትም ይህን የምንነግራችሁ የእኛው ጣት ይሆናል፤ ይህን የሚለይልን ነገር የለም። ያን ጊዜ ተነሥተን «እኛም በስሟ ስንገባ ነበር፤ ቅጣቱ ካለ ለአምስታችንም ይድረስ» ማለት ሲገባን ዝም አልን። ሌሎቹም ዝም አሉ። ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የቆምንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ የአንድ የጋራ ቃል ጉዳቱ ይህ ነው። ሌባ ሳይኖር እንኳ ንጹሕ ሰው ያስቀጣል። አምስት ሰው በአንድ ስም ሲገባ መዝገቡ ምስክርነቱን ያጣል። ስሕተት የሠራው እንዳይታረም፣ ያልሠራው እንዳይነጻ ያደርጋል።

በሌላው ዓለም የተገኘ ትምህርት

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ኮምፒዩተርን ለብዙ ሰው ያደረሱት ሊቃውንት ራሳቸው እየተሳሳቱ ነው የተማሩት።

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1961 አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የሥራው መሪ ፈርናንዶ ኮርባቶ ነበሩ። የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው እንዲጠበቅም ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል ተሰጠ። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ መሣሪያው የገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የተጠቃሚው ሁሉ የይለፍ ቃል ተዘርዝሮ ወጣለት። ምክንያቱን ሲመረምሩ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ የጋራ ሥፍራ፣ በአንድ ጊዜ ይሠሩ ኖሯል። አንዱ ማስታወቂያውን ሲያርም ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር ያርማል። የሁለቱም ጊዜያዊ ጽሑፍ በአንድ ዓይነት ስም ስለ ተቀመጠ አንዱ በሌላው ቦታ ገባ። ኮርባቶ የቱሪንግ ሽልማት በተሰጣቸው ጊዜ ባደረጉት ንግግር ይህንኑ ተርከውታል። ከሁለቱ አስተዳዳሪዎች አንዱም ተንኮለኛ አልነበረም። ችግሩ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ማሰሮ መቀቀሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ምሁራን በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጠበቅ ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። ካስቀመጧቸው መሠረቶች አንዱ፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም የሚያስፈልገውን አነስተኛ ፈቃድ ብቻ ይያዝ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ በአንድ ቁልፍ ከሚከፈት ይልቅ ሁለት ቁልፍ የሚያስፈልገው መዝጊያ የተሻለ ነው የሚል ሲሆን፣ ለምሳሌም የባንክን የአደራ ሣጥን ጠቅሰዋል። ልጃችን ይህን ሲያነብልን እኛ ሳቅን። የአባቶቻችን የእንጨት ሣጥን ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን፣ ፈቃድ ለሰውዬው ሳይሆን ለሥራ ድርሻው ይሰጥ የሚለውን አሠራር በሥርዓት አዘጋጅተው አቀረቡ። እኛ በቋንቋችን ፈቃዱ ለወንበሩ ነው እንላለን። በወንበሩ የተቀመጠ ይጠቀምበታል፤ ሲነሣ ፈቃዱ ከወንበሩ ጋር ይቀራል። እንዲህ ካልሆነ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል በተዛወረ ቁጥር የድሮውን ቁልፍ ሳይመልስ አዲስ እየጨመረ፣ በዐሥረኛው ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ ሁሉ በአንድ ኪስ ይገኛል።

ይህን ያልጠበቀ ቤት ምን እንደሚደርስበት የቤሪንግስ ባንክ ታሪክ ያሳያል። ይህ የእንግሊዝ ባንክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1762 ነበር። በሲንጋፖር ቅርንጫፉ ኒክ ሊሰን የተባለ ወጣት ሠራተኛ በገበያው ውስጥ የሚገዛውና የሚሸጠውም እሱ፣ ግዢና ሽያጩን የሚያወራርደውን ክፍል የሚመራውም እሱ እንዲሆን ተደረገ። በሞዴል 20 ጠያቂም በሞዴል 22 ሰጪም እሱ ነው እንደማለት ነው። ኪሳራውን 88888 በሚባል የሒሳብ ቁጥር ውስጥ እየደበቀ ቆየ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ነገሩ ሲገለጥ ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። 233 ዓመት የቆመው ባንክ ወደቀ፤ አይ.ኤን.ጂ. የተባለ የሆላንድ ድርጅትም በአንድ ፓውንድ ገዛው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ማየትም ፈቃድ ይፈልጋል

አንዳንድ ሰው «ማረሙስ ይከልከል፤ ማየት ግን ማንን ይጎዳል?» ይላል። መዝገባችን ምን እንደያዘ እናስተውል። የአባሉ ስምና የቤት ቁጥር አለበት። ስልኩ አለበት። ስንት ወር ውዝፍ እንዳለበት ተጽፏል። ከሁሉም በላይ የቤተሰቡ ዝርዝር አለ፤ እናት፣ አባት፣ አማት፣ ልጅ እየተባለ። በዚያ ዓምድ ውስጥ «የማደጎ» ተብሎ የተጻፈ ልጅ ይኖራል። ወላጆቹ ይህን የነገሩን የእርዳታው ደንብ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ ሠፈሩ እንዲያወራው አይደለም። አንድ ቀን መዝገቡ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ቢተላለፍ፣ ያ ልጅ የራሱን ታሪክ ከእናቱ አፍ ሳይሆን ከጎረቤት ልጅ አፍ ይሰማዋል። ይህን በመዋጮ መካስ አይቻልም። እንዲሁም ችግር ገጥሞት የስድስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል ስሙ በየጠላ ቤቱ ሊነሣ አይገባም።

ሕጉም ይህን ያስባል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት የሚገባን ሰው ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ሕጉ «ከፈቃዱ አልፎ» ይላል። ፈቃዱን አስቀድመን ለይተን ካልጻፍነው ግን ማን አለፈ፣ ማን አላለፈ ማለት አይቻልም።

ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ

ስለዚህ የሚከተለው እንዲወሰን እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ ጸሐፊው የአባሎችን ስም፣ አድራሻና የቤተሰብ ዝርዝር ያስገባል፣ ያርማል። የገንዘቡን ገጽ ያያል እንጂ አይነካም።

ሁለተኛ፤ ገንዘብ ያዡ የወር መዋጮውንና ወጪውን ይመዘግባል። የመዘገበውን ወጪ ግን ራሱ አያጸድቅም።

ሦስተኛ፤ ሰብሳቢው ወጪውን ያጸድቃል እንጂ አይመዘግብም። ክቡር ሰብሳቢያችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን። በየመሥሪያ ቤቱ ያየነው አንድ ስሕተት አለ፤ ሹመቱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ ካልተሰጠው የተናቀ ይመስለዋል። ክብርና ቁልፍ ግን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ካህኑ የተከበሩ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን በዕቃ ቤት ጠባቂው ዘንድ ነው።

አራተኛ፤ ንብረት ክፍሉ የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የብረት ድስቱንና የሰሃኑን መውጣትና መመለስ ይመዘግባል። ሌላ ገጽ አይከፈትለትም።

አምስተኛ፤ ጥሩንባ ነፊያችን የአባሎችን ስም፣ ቤትና ስልክ ብቻ ያያል።

ስድስተኛ፤ ተቆጣጣሪዎች ሁሉን ያያሉ፤ አንዲት ፊደል ግን አይለውጡም። የሚመረምር ሰው የሚመረምረውን ነገር ራሱ ሊጽፈው አይገባም።

ሰባተኛ፤ ማንኛውም አባል የራሱን መዋጮና የራሱን ቤተሰብ ዝርዝር የማየት መብት ይኑረው። ስሕተት ቢያገኝ ለጸሐፊው ያመልክት።

ስምንተኛ፤ ስም የሚከፍቱና ፈቃድ የሚሰጡ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይሾሙ። ሁለት ያልነው በምክንያት ነው። በአንድ ሌላ ሠፈር ባለ ዕድር መዝገቡ በአንድ ወጣት የግል ኢሜይል ተከፍቶ ነበር። ልጁ ወደ ዓረብ አገር ሄደ፤ ስልኩንም ለወጠ። በዚያው ሰሞን አንዲት አባል ባሏ ሲሞት የመዋጮው መዝገብ የሚከፍተው ጠፍቶ፣ በለቅሶዋ ላይ የሦስት ዓመት ደረሰኝ ፍለጋ ሣጥኗን ስታገላብጥ አየን። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ቤት ቁልፉ ሲጠፋ ይታሸጋል። አስተዳዳሪዎቹ ግን በገንዘቡ ገጽ ላይ አይጻፉ። ለሌላው ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ለራሱም ሊሰጥ ይችላልና፣ ፈቃድ በተለወጠ ቁጥር ለተቆጣጣሪዎች ይድረስ።

ከእነዚህም ጋር አራት ደንቦች ይጠበቁ።

አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይግባ። ቃሉን ለሚስቱም፣ ለልጁም፣ ለሰብሳቢውም ቢሆን አይስጥ። በስልክ ደውሎ «የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ድምፁን ብናውቀው እንኳ አይነገረው።

ሁለተኛው፣ የተጻፈ አይጥፋ። በድሮው መዝገብ ላይ ስሕተት ሲገኝ በአንድ መሥመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ አራሚው ይፈርማል እንጂ በምላጭ አይፋቅም። በኮምፒዩተሩም ማን፣ መቼ፣ ምኑን እንደ ለወጠ የሚያሳየው የሥራ ታሪክ እንደ በራ ይኑር። ማንም እንዳያጠፋው ይሁን።

ሦስተኛው፣ ሰው ሥራ ሲለቅ እንደ ንብረት ርክክብ ፈቃዱንም በዚያው ቀን ያስረክብ። የታመመ ወይም አገር ቤት የሄደ ሰው ካለ ድርሻው ለተተኪው በተተኪው ስም፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ይሰጥ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት በመካከላችን እንዳይሠራ፣ የተሻረ ሰው የሚቆጭበት ቁልፍ በእጁ አይቅር።

አራተኛው፣ በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ ጉባኤ ፊት ማን ምን ፈቃድ እንዳለው ዝርዝሩ ይነበብ። የማያስፈልገው ካለ ይነሣ።

ሞት ቀጠሮ አይሰጥም

በመጨረሻም አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። «ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። በእኩለ ሌሊት ሰው ቢሞት፣ ሰብሳቢው ከከተማ ውጭ ቢሆኑ፣ ሬሳ አስተኝተን ፊርማ እንጠብቅ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወንድሞቻችን እውነት አላቸው። ሥርዓት ሰውን ለማገልገል ነው እንጂ ሰው ለሥርዓት አልተፈጠረም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ በር ይኑረን። ሰብሳቢው በማይገኙበት ጊዜ ሁለት የኮሚቴ አባሎች በየራሳቸው ስም ገብተው የመጀመሪያውን የቀብር ወጪ ያጽድቁ፤ የገንዘቡንም ልክ ይህ ጉባኤ ይወስን። መዝገቡም «በአስቸኳይ የተከፈለ» ብሎ ይያዘው። በሦስት ቀን ውስጥም ለሰብሳቢውና ለተቆጣጣሪዎች ይቅረብ። እንዲህ ያለ የታወቀ በር ከሌለ ሰው በችግር ቀን ቃል ይዋዋሳል። የተዋሰውን ቃል ደግሞ ማንም አይመልስም፤ የእኛ ክፍል ታሪክ የጀመረው በምሳ ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግግራችንን እንጨርሳለን። ይህን ሁሉ ያልነው በመካከላችን መተማመን እንዲቀንስ ብለን አይደለም። ዕድር የቆመው በመተማመን ነው። ነገር ግን መተማመን ሸክም ነው፤ ሸክሙም ለአንድ ሰው ጫንቃ ብቻ አይተው። ጸሐፊያችን፣ ገንዘብ ያዣችንና እነዚህ ደካሚ ወጣቶች ያለ ደመወዝ ያገለግሉናል። ልናደርግላቸው የምንችለው ትንሹ ነገር፣ አንድ ቀን አንድ ቁጥር ቢሳሳት «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያንን ግን አልነካሁም» ብለው በድፍረት እንዲናገሩ መዝገቡ እንዲመሰክርላቸው ማድረግ ነው። ያቺ ልጅ እንዲህ ያለ ምስክር አልነበራትም። ምስክር ልንሆናት የምንችል አራት ሰዎችም አፋችንን ዘጋን።

 ውሳኔው የጉባኤው ነው። መጪውን ዓመት ጥሩንባው የማይነፋበት፣ ድንኳኑ ለሠርግ እንጂ ለለቅሶ የማይወጣበት ያድርግልን። አሜን።